ባዶ ሆድ የሚፈልግ ብስክሌት

ቦርጭ ያለው ሰው መምጣቱን የሚያበስርለት አያስፈልገውም፤ ቀድሞት የሚገባ አለ። የእኔ ቦርጭ ሁልጊዜ ቢሮ የሚደርሰው ከእኔ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። በሰዓት አክባሪነት ከሁለታችን ምስጋና የሚገባው እሱ ሆኖ ሳለ፣ አለቃዬ ማስጠንቀቂያ የሚጽፉት ለእኔ ነው። የምሠራው እዚህ መቀሌ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መዝገብ ቤት ሲሆን፣ መዝገብ ቤቱ ያለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ወጥቼ ስጨርስ ባለጉዳዩ ጉዳዩን ትቶ ውሃ ያቀርብልኛል። አንድ ተማሪማ ማስረጃ ሊጠይቅ መጥቶ፣ አተነፋፈሴን ቆሞ ካዳመጠ በኋላ፣ ሌላ ጊዜ እመለሳለሁ ብሎኝ ሄደ። እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ነገሩ የጀመረው ከዚያ ስለሆነ ነው።

ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ መጥቼ መቀሌ ከገባሁ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው። ዐሥራ አራቱንም ዓመት የኖርኩት ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ ኣደይ ለምለም ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። ኣደይ ማለት በትግርኛ እናቴ ማለት ነው፤ እዚህ ትልቅ ሴት በባዶ ስሟ አትጠራም። ልጃቸው ለታይ እኔ ስመጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች፤ አሁን የስፖርት ሳይንስ ማስተርሷን እየሠራች ነው። «እየሠራች ነው» ስላችሁ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ ተቋርጦባታል፤ አንዴ በጦርነቱ፣ አንዴ ደግሞ የምትለካበት ዕቃ ጠፍቶ። ይህ ሦስተኛዋ ነበር፤ የመጨረሻዋም ነበር። በዚህ ዓመት ጽሑፏን ካላስረከበች ጊዜዋ ያልቃል፣ ሌላ ዕድል የለም ተብላለች።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ቧንቧ ጋ ጀሪካን ስሞላ መጣችና አጠገቤ ቆመች። የምታጠናው ነገር ቀላል ነው አለችኝ። ስፖርተኛ ረጅም መንገድ ከመሮጡ ወይም ብስክሌት ከመንዳቱ በፊት የሚበላት ቁራሽ ነገር፣ ሰውነቱ ስብ ማቃጠሉን ትቀንስበታለች ወይስ አትቀንስበትም? ለዚህ ዐሥር ሰው ያስፈልጋታል። ዘጠኙ ጨርሰዋል። ዐሥረኛው ሥራ አግኝቶ ከከተማ ወጣ። ማሽኑ ደግሞ በውሰት ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ ከአንድ ወር በኋላ ዓርብ ቀን ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ተጭኖ ይመለሳል። ጥናቷ የሚጀምረው ካልሠለጠነ ሰውነት ስለሆነ፣ እንደ ዘጠኙ ሁሉ ዕድሜው አርባን ያለፈ፣ ጤነኛ የሆነ፣ ስፖርት የሚባል ነገር የማይነካካ አንድ ሰው በአስቸኳይ ትፈልጋለች። ይህን ስትል ዓይኗን ከጀሪካኑ አንሥታ ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ ላይ አሳረፈችው።

እኔ «ስብ ማቃጠል» ከሚለው በኋላ ያለውን አልሰማሁም። የመቀሌን ብስክሌተኞች ያላየ ሰው ምኞቴ አይገባውም። ጠዋት ጠዋት የኲሓን ዳገት ሲወጡ ከሰውየውና ከብስክሌቱ የትኛው እንደሚቀጥን ለመለየት ያስቸግራል። ማሽኑ ላይ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ እንደነሱ ሆኜ ስወርድ፣ ደረጃውን በሩጫ ስወጣ፣ ያ ተማሪ ተመልሶ ሲመጣ ታየኝ። እሺ አልኳት። ጀሪካኑ ሞልቶ ጫማዬ ላይ እየፈሰሰ ነበር።

ሕጉ እንዲህ ነው። ሦስት ሐሙስ እመጣለሁ። ከረቡዕ እራት በኋላ እስከ ጠዋት ከውሃ በስተቀር ምንም አልቀምስም። በመጀመሪያው ሐሙስ ላቦራቶሪ ውስጥ ኢነርጂ ባር የሚባል ከውጭ የመጣ ጉልበት ሰጪ ብስኩት ትሰጠኛለች፤ በሁለተኛው የበሶ ጭብጦ፤ በሦስተኛው ምንም። ከዚያ ግማሽ ሰዓት አርፌ፣ አፍና አፍንጫዬ ላይ ጭምብል ተደርጎልኝ፣ ባለበት የሚሽከረከር ብስክሌት ላይ አንድ ሰዓት እረግጣለሁ። ማሽኑ ትንፋሼን እያየ ስኳር እያቃጠልኩ ይሁን ስብ ያውቃል። ሰውነት ሁለት ጎተራ አለው አለችኝ፤ ስኳሩ በር ላይ ነው፣ ስቡ ጓዳ ነው። ይህን ለማስረዳት ብዙ አልደከመችም። በር ላይ ያለ ፋይል እያለ ጓዳ የሚገባ ሰው እኛ መዝገብ ቤትም የለም።

«ሦስተኛው ሐሙስ ነው ዋናው» አለችኝ። «ባዶ ሆድህን ምን እንደምታቃጥል ካላወቅሁ፣ በልተህ ያቃጠልከውን ከምን ጋር አነጻጽረዋለሁ? እሱ ከተበላሸ አንተ የለህም፤ አንተ ከሌለህ ዐሥር የለም።»

ቀጥላ አንድ ነገር ለመነችኝ፤ ባዶ ሆዴን እንደምመጣ ለእናቷ እንዳልነግር።

ይህን ለመረዳት ኣደይ ለምለምን ማወቅ ያስፈልጋል። ባንክ ተዘግቶ፣ ደመወዝ ቆሞ፣ ዱቄት በኩባያ ይለካ በነበረበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ እኛን ሦስት ተከራዮች ከልጃቸው ሳይለዩ ከአንድ ድስት ያበሉን እሳቸው ናቸው። ድስቱ ሲቀርብ እሳቸው ቅድም በላሁ ይሉ ነበር። መቼ እንደበሉ ያየ ሰው የለም። ያ ጊዜ ሲያልፍ አንድ ሕግ አወጡ፤ ከዚህ ግቢ ባዶ ሆዱን የሚወጣ ፍጡር የለም። ሕጉ ለተከራይ ብቻ አይደለም። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ እንኳ ሳይቀምስ አይወጣም፤ ሰፈሩን ሁሉ ጨርሶ የእኛን ግቢ ለምሳ ሰዓት እንደሚያቆየው ደርሼበታለሁ። እንግዲህ ለእንዲህ ያሉ ሴት፣ ልጅዎ ሰዎችን እያስራበች ብስክሌት ታስነዳለች ብሎ ማን ይነግራል? እሳቸው የሚያውቁት ለታይ ሰዎችን ብስኩት እያበላች እንደምታጫውት ነው። በዚያም ይኮሩ ነበር።

ሹልክ ብሎ መውጣትም አይቻልም። ኣደይ ለምለም ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ጀምሮ ለጸሎት የነቁ ናቸው፤ በራቸው ደግሞ ከውጭው በር ፊት ለፊት ነው። ለታይ ራሷ በጨለማ የምትወጣው ጉንጯ በእንጀራ ተወጥሮ ነው።

የመጀመሪያው ሐሙስ ደረሰ። ቁርስ ይዘው በሬ ላይ ሲቆሙ፣ ዓይደር ሆስፒታል ሄጄ ደም እንደምሰጥ፣ ለምርመራው ደግሞ ባዶ ሆድ እንደሚያስፈልግ ነገርኳቸው። ውሸቱ ቀላል፣ ንጹሕና ዘመናዊ መሰለኝ። ደረታቸውን ይዘው ምን ሆነህ አሉኝ። ምንም፣ እንዲሁ ለጠቅላላው ነው ብዬ ወጣሁ።

ኢነርጂ ባሩ ጣዕሙ ቴምርና ካርቶን መሃል ነው። ቀለሙ ቡናማ ሲሆን ጥርስ ላይ ያለው ፍቅር ጽኑ ነው። ከዚያ ጭምብሉ መጣ። የጋሪ ፈረስ አፉ ላይ የገብስ ከረጢት ታስሮለት አይታችሁ ከሆነ እኔን አይታችኋል። አንድ ሰዓት ረገጥኩ፤ በሃያኛው ደቂቃ ላይ ኑዛዜ አሰብኩ፤ በአርባኛው የሚወርሰኝ እንደሌለ ትዝ ብሎኝ ተውኩት። ስወርድ ስንት ስብ አቃጠልኩ አልኳት። ይህን ያህልም አይደለም፣ ሰውነትህ ባሩን ስላገኘ በብዛት የተጠቀመው ስኳሩን ነው አለችኝ። ማለትም ብስኩት በልቼ፣ አንድ ሰዓት ፔዳል ረግጬ፣ ያንኑ ብስኩት አቃጥዬ ልመለስ ነው። እኔና ብስኩቱ ሂሳብ ተጣጣን፤ ቦርጬ ተመልካች ነበር። በባዶ ሆድስ ቢሆን ስንት ነው ብላት፣ ለአንድ ሰዓት ቢበዛ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ነው አለችኝ፤ መቅጠን አለመቅጠንም በዚያች ሰዓት ሳይሆን ቀኑን ሙሉ በምበላው የሚወሰን ነገር ነው አለች። ይህንን መጀመሪያ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት ስላት፣ ቧንቧው ጋ ነግሬሃለሁ አለች።

ሰማንያ ዓመት ያረጀሁ መስዬ ወደ ቤት ስመለስ ክፍሌ ውስጥ ሰባት ጎረቤት ተቀምጧል። አንዷ ብርቱካን፣ አንዷ ጸበል በላስቲክ ጠርሙስ ይዛለች፤ አንደኛዋ ደግሞ የባሏ ወንድም ልክ እንደ እኔ ደም ሊሰጥ ሄዶ በሦስተኛው ሳምንት እንዴት እንደሞተ ለሌሎቹ እያስረዳች ነው። ኣደይ ለምለም አጥሚት አፍልተዋል። ሁሉም ፊቴን አይተው «ከስቷል» አሉ። በሕይወቴ ከስቷል ስባል የመጀመሪያዬ ነው። ጤነኛ ነኝ ማለት ሲገባኝ ዝም ብዬ አጥሚቱን ጠጣሁ፤ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁለተኛው ሐሙስ ሲመጣ ያ ምክንያት እንደማይደገም ገባኝ። ደም ሁለት ጊዜ የሚፈለግበት ሰው ቀባሪ ይጠራለታል። ኣደይ ለምለም ሳህኑን ይዘው በሬ ላይ ቆመዋል፤ እኔ ምንም አላዘጋጀሁም። ድንገት ከአፌ የወጣው «ስለት አለብኝ» የሚል ነበር።

የምን ስለት አሉኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ ሆነ። ዓይኔ ወዲያ ወዲህ ሲል ደጃፉ ላይ የተሰጣው የለታይ ቱታ ላይ አረፈ።

«ለለታይ ምረቃ ነው» አልኩ። «እስክትመረቅ ድረስ በየሐሙሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም ብዬ ለእመቤታችን ተስያለሁ።»

ኣደይ ለምለም ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጡት። ምግብ መሬት ላይ ሲያስቀምጡ አይቼ አላውቅም። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱና ግንባሬን ሳሙኝና ገቡ። እኔ በአንድ በኩል አፈርኩ፤ በሌላ በኩል ደግሞ የምራበው ለምረቃዋ አይደለም ወይ፣ ውሸቱ የእመቤታችንን ስም የጠራሁበት ቦታ ብቻ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ሰው ለራሱ ጠበቃ ሲቆም ይግባኝ የለውም።

የበሶው ቀን ደህና አለፈ። ለታይ ጭብጦውን በሚዛን በግራም ለካችው፤ እናቴ በጭብጧ ነበር የምትለካው፣ ያም ሆኖ አንድም ቀን አልጎደለም። በሶውን በልቼ፣ ረግጬ፣ ወረድኩ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በገዛ አፌ ዘጠኝ ሰዓት ብያለሁና ግቢ ውስጥ ምሳ መብላት አልችልም። ሰባት ሰዓት ላይ ከሰፈር ራቅ ብዬ አንድ ጥሕሎ ቤት ገባሁና፣ የገብስ ድብልብሉን በሹካ እየወጋሁ ወጡ ውስጥ እያጠቀስኩ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ በላሁ። የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ነኝ። ደመወዝተኛ ነኝ። በገዛ ገንዘቤ እንደ ሌባ ተደብቄ እበላለሁ።

አሁን ልብ በሉ። ኣደይ ለምለም ዘንድ ሁለት ነገር ተቀምጧል፤ አንደኛ ይህ ሰው ደሙን ሊመረመር ሄዷል፣ ስለዚህ ታሟል። ሁለተኛ ይህ ሰው በሕመሙ ላይ ለልጄ ብሎ ይጾማል። እኔ ሁለቱን ውሸቶች ለየብቻ ነበር ያሰብኳቸው። እሳቸው ግን ደምረዋቸው ሲያዝኑ ሰነበቱ፤ በመጨረሻም ቀሺ ወደሚሏቸው ቄስ፣ ወደ ነፍስ አባታቸው ሄዱ። ይህን ሁሉ እኔ አላውቅም።

በሦስተኛው ሐሙስ፣ ዋናው ነው በተባለው ቀን፣ ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት በሬ ተንኳኳ። ኣደይ ለምለም ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ነው፤ ነጭ ለብሰዋል፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ሕምባሻ ይዘዋል።

«ቀሺ ፈትተውሃል፣ ወደይ» አሉኝ። ወደይ ማለት ልጄ ማለት ነው። ሕመምተኛ በስለት አይታሰርም ብለዋል፤ ሕምባሻውንም ባርከው የላኩት እሳቸው ናቸው። እኔ አመሰገንኩና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እበላዋለሁ አልኩ። ከተፈታህ በኋላ እምቢ ማለት ትዕቢት ነው አሉኝና ዱካዬ ላይ ተቀመጡ። እውነቱን ልናገር አሰብኩ። እውነቱ ግን የእኔ ብቻ አልነበረም፤ የለታይም ነበር፤ እሷ ደግሞ ለምናኛለች። የተባረከ ዳቦ ይዘው ከተቀመጡ እናት ፊት ስለ ስብና ስኳር ማውራትም ድፍረት ይጠይቃል። ከጫፉ ትንሽ ቆረስኩ። ይህማ ለአይጥም አይበቃም አሉ። እንግዲህ በላሁ። ሻይ በማር መጣ፣ ጠጣሁ። ሕምባሻው ጥቁር አዝሙድ ያለበት፣ ገና ትኩስ፣ እጅግ ጥሩ ሕምባሻ ነበር፤ እሱን መካድ ሌላ ኃጢአት ነው።

ላቦራቶሪ ስደርስ ለታይ በር ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነበር። ዐሥር ሰው ሦስት ሦስት ጊዜ፣ ሠላሳ መስመር ያለው ቅጽ አሳየችኝ፤ ሃያ ዘጠኙ ተሞልቷል። እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ከዚያ እንደ ወትሮው ብዕሯን አንሥታ ጠየቀችኝ፤ «ከትናንት ማታ ወዲህ ከውሃ ሌላ ምንም አልቀመስክም አይደል?»

«ምንም» አልኩ።

ያቺን ቃል ዛሬም ድረስ አፌ ውስጥ አገኛታለሁ። በልቻለሁ ብላት ማሽኑ እስኪሄድ ገና ስምንት ቀን ነበረን፤ ደግመን እንለካ ነበር። ግን ፊቷ በርቶ ነበር፤ እሱን ማጥፋት አቃተኝ። አንድ ዳቦ ምን ያመጣል፣ ቦርጬን አይቶ ማሽኑ ራሱ ይሳሳታል አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቃሌን ቅጹ ላይ ጻፈችው።

ጭምብሉ በዚያን ቀን ጠቀመኝ፤ ፊቴን ሸፈነልኝ። በዐሥረኛው ደቂቃ ላይ ለታይ ስክሪኑን አየች። ቱቦውን ነካካች። ጭምብሉን አጠበቀችው። ከዚያ ሌላ ገመድ ቀየረች። እኔ እረግጣለሁ፤ ሕምባሻው በውስጤ በደስታ ይነዳል። ሰዓቱ ሲያልቅ አመሰገነችኝና ውሃ ሰጠችኝ፤ ስለ ውጤቱ አንድም ነገር አልተናገረችም።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ኣደይ ለምለም እንደ ልማዳቸው ጠሩኝ፤ ሦስታችን ማዕድ ቀርበናል። ለታይ አትጎርስም። ሁለት ቀን እንዳልተኛች ዓይኗ ይናገራል። እናቷ ምን ሆንሽ ሲሏት፣ በዚህ ዓመት ጽሑፌን አላስረክብም አለች። ድምጿ ልክ ዛሬ ውሃ የለም እንደሚል ሰው ነበር።

ምክንያቱን ተናገረች። የመጨረሻው ሰው ምንም ሳይቀምስ፣ እንደበላ ሰው ስኳር ሲያቃጥል ታየ። እንዲህ ያለ ነገር ከዘጠኙ ባንዳቸውም ላይ አልታየም። «ወይ ሰውየው በልቷል፣ ወይ ማሽኑ ተበላሽቷል» አለች። «ሰውየውን ዐሥራ አራት ዓመት አውቀዋለሁ። ስለዚህ ማሽኑ ነው። ማሽኑ መቼ እንደተበላሸ ደግሞ አላውቅም፤ ሃያ ዘጠኙንም ማመን አልችልም።»

ኣደይ ለምለም አለቀሱ። ድምፅ አልነበረውም፤ እንባው ብቻ ወረደ። እኔ እጄ ውስጥ የጠቀለልኩት እንጀራ ነበር፤ መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት።

«ማሽኑ ደህና ነው» አልኩ። «ሰውየው ነው የተበላሸው።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ዓይደርን፣ ደሙን፣ ስለቱን፣ ሕምባሻውን፣ ሻዩንም ማሩንም ሳልደብቅ። ጥሕሎውንም ነገርኳቸው፤ ማንም አልጠየቀኝም ነበር፣ አንዴ ከተጀመረ ግን ማቆሚያው አይገኝም። ለታይ አልተሳደበችም፤ አየችኝ ብቻ። ቢሰድቡት የሚሻል ሰው እንዳለ ያወቅሁት ያኔ ነው።

«የበላኸውስ ይሁን» አለችኝ። «ጠየቅሁህ እኮ፣ ሓወይ። ጠይቄህ ነበር።»

ወንድሜ ማለቷ ነው።

ኣደይ ለምለም ያነሡት አንድ ነገር ብቻ ነው። «የልጄን ትምህርት ያበላሸው የኔ ዳቦ ነው?» አሉ። ሁለታችንም በአንድ አፍ አይደለም አልን፤ እሳቸው ግን አልሰሙንም። ቆየት ብለው ደግሞ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሰውን በረሀብ ነው እንዴ የምትለኪው፣ ረሀብ አላየሽም ወይ አሏት። ለታይ ያን ጊዜ ስለ ጥናቷ ለእናቷ ነገረቻቸው፤ በትግርኛ፣ ቀስ እያለች። ዳገት ላይ የሚነዱት ልጆች የውጭውን ባር ከየት እንደሚያመጡት ተጨንቀው ስንቅ ሳይዙ እንደሚወጡ፤ ቤታቸው ያለው በሶ ባሩ የሚሠራውን የሚሠራ ከሆነ ይህን ማንም ጽፎ እንዳላሳያቸው፤ ጥቂት ሰው አንዳንድ ጠዋት ሳይበላ ቢቆይ እነሱ ባዶ ሆዳቸውን ዳገት እንደማይወጡ። ኣደይ ለምለም አገጫቸውን በእጃቸው ይዘው ሰሙ።

ለታይ በዚያው ቀን ለአማካሪዋ ደወለች። የሆነውን ሁሉ ሳታስቀሪ ጻፊው፣ ሐሙስ ደግመሽ ለኪው አሏት። ስለዚህ ጽሑፏን የሚያነብ ሰው «ተሳታፊ ዐሥር በሦስተኛው ልኬት ቀን ዳቦ በመብላቱ ድጋሚ ተለክቷል» የሚል ያገኛል። እንግዲህ ስሜ ባይጠቀስም ሳይንስ ውስጥ ገብቻለሁ።

«ሐሙስ እኔ እጠብቀዋለሁ» አሉ ኣደይ ለምለም።

ጠበቁኝም። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬን ስከፍት ደጃፌ ላይ ዱካ አስቀምጠው ተቀምጠውበታል። ወሬው ሰፈር ውስጥ ገና አልቆመም ነበርና ጎረቤቶች ለሕመምተኛው መምጣት ጀመሩ። የመጀመሪያዋ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛለች። «ዛሬ አይበላም» ብለው መለሷት። ሴትዮዋ ኣደይ ለምለም ምግብ ሲመልሱ አይታ ስለማታውቅ፣ ነገሩ ያበቃ መስሏት ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ሄደች። ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋንም መለሱ። እያንዳንዷን ሲመልሱ ፊታቸው ላይ ጥርስ እንደሚነቀልበት ሰው ያለ ነገር ያልፍ ነበር።

ባጃጅ ይዘን ሦስታችንም ላቦራቶሪ ገባን። ግማሽ ሰዓት አረፍኩ፤ ጭምብሉ ታሰረልኝ፤ መርገጥ ጀመርኩ። ኣደይ ለምለም ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ ጭናቸው ላይ ሕምባሻ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። ሽታው በጭምብሉ ውስጥ ሳይቀር ይመጣል። ማሽኑን አላዩም፤ የሚያዩት እኔን ነው። በየዐሥር ደቂቃው ለታይን አልበቃውም ወይ ይሏታል፤ ገና ነው ትላለች። «ኣጆኻ፣ ወደይ» ይሉኛል። አይዞህ ማለት ነው። ያን ቀን ስለ ቦርጬ አላሰብኩም። ያቺ ሠላሳኛዋ መስመር ብቻ ናት ፊቴ ላይ የነበረችው።

ሰዓቱ አለቀ። ለታይ ስክሪኑን ጎንበስ ብላ አየች፤ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገችው፤ ደግማ አየች። ከዚያ ወንበር ሳትፈልግ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ስብ ነው» አለች። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ማሽኑ ደህና ነው።»

ጭምብሉ በቅጡ ሳይወልቅልኝ ሕምባሻው ተቆርሶ አፌ ገባ። ኣደይ ለምለም ለልጃቸውም ቆረሱላት፤ እያለቀሰችም እየሳቀችም በላች። እሷም በተራዋ ቆርሳ ወደ እናቷ አፍ ዘረጋች። ኣደይ ለምለም እጇን ቀስ አድርገው መለሱት።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም» አሉ።

ለታይ አልገባትም። እኔም አልገባኝም። ኣደይ ለምለም ፍርፋሪውን ከቀሚሳቸው ላይ እየለቀሙ ነገሩን ተናገሩ። ቀሺ የእኔን ስለት ሲፈቱ፣ ለእመቤታችን የተባለ ቃል ሜዳ ላይ አይጣልም፣ የሚሸከመው ሰው ይፈልጋል አሏቸው። እሳቸው ተቀበሉት። ሕምባሻውን ዱካዬ ላይ ተቀምጠው ያበሉኝ ቀን የመጀመሪያቸው ነበር፤ ዛሬ ሁለተኛቸው ነው።

«ኣደይ፣ እኔ እኮ ዋሽቼ ነው» አልኳቸው። «የተሳልኩት ነገር የለም።»

«ያንተ የለም» አሉ። «የኔ ግን አለ።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ሦስት ተኩል ነው። አፌ ውስጥ ያለውን መመለስ ስለማይቻል ዋጥኩት። የቀረውን ሕምባሻ በጨርቁ ጠቀለልኩና ከእሳቸው ጎን ተቀምጬ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጠበቅሁ።